ሳይነገረኝ የከረመ የጥጃ መርዶ

ጎባ ከተማ ጫፍ፣ መንገዱ ወደ ሰነቴ መውጣት ከመጀመሩ በፊት ባለው ሰፈር፣ ባለቤቴ የሠራው ቤት ነበረኝ። ነበረኝ የምለው ቤቱ ፈርሶ ወይም ተሽጦ አይደለም። ዛሬም ቆሟል፤ የማልኖርበት እኔ ነኝ። ለምን እንደወጣሁ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። አንዳንዱ ልጄ አስገድዶኝ ይመስለዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ታምሜ። ከቤቴ ያስወጣችኝ አንዲት ጊደር ናት ብል የሚያምነኝ ስለማይኖር፣ የሆነውን ሁሉ ከነአካሄዱ ልጽፈው ተነሳሁ።

እኔ ብዙ የማወራ ሴት አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ በአንድ ትምህርት ቤት በጸሐፊነት ሠርቼ በጡረታ ወጣሁ። ነገሩ ሲሆን ባለቤቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነበር። አንድ ልጃችን ታደሰ ሮቤ ነው የሚኖረው፣ ከሚስቱና ከሴት ልጁ ጋር። ከጎባ ሮቤ በሚኒባስ ቅርብ ነው፤ እሱ ግን ባሕር ማዶ ያለሁ ይመስል በመጣ ቁጥር ያው ነገር ነበር።

“እማዬ፣ ብቻሽን ወድቀሽ ብትቀሪስ? ሮቤ እንደዚህ አይበርድም። ክፍል አለን።”

“የራሴ ክፍል አለኝ” እለዋለሁ።

በመጨረሻ ተስማማን፤ ስምምነቱን ያመጣሁትም ራሴ ነኝ። ባለቤቴ ከተዋቸው ከብቶች የቀረችኝ ዳለቻ የምትባል አመድማ ጊደር ብቻ ናት። ዳለቻ ካረገዘች ነገ ወተት ይኖራል፤ ወተት ካለ ገቢም፣ ማለዳ የሚያስነሳ ሥራም ይኖረኛል፤ እዚያው እኖራለሁ። በሚቀጥለው የማዳቀል ዙር ካላረገዘች ግን ቤቱን አከራይቼ ሮቤ እገባለሁ። “ቃልሽ ነው?” አለኝ። “ቃሌ ነው” አልኩት።

ያንን ስል ዳለቻ ከዚያ በፊት ሁለት ዙር ከሽፎባት ነበር። ለማያውቀው ልንገረው፤ ይህ የማዳቀል ዙር የሚባለው የየሰፈሩን ጊደርና ላም በአንድ ቀን ሰብስቦ ሆርሞን መውጋት ነው። መርፌው በተወጋ በጥቂት ቀን ውስጥ ሁሉም በአንድ ሰሞን ድራት ላይ ይሆናሉ፤ ማለት ኮርማ ይፈልጋሉ። ያን ጊዜ ባለሙያው በብርድ የተቀመጠውን የምርጥ ኮርማ ዘር ይዞ መጥቶ ያዳቅላቸዋል። የሰፈሩ ከብት መርፌውን ተወግቶ ሲጮህና ሲፈነጭ፣ የእኔዋ ቆማ ታመሰኳ ነበር።

አዳቃያችን ቶሌራ የሚባል ትሑት ወጣት ነው። በመጀመሪያው ዙር “እማማ፣ ከስታለች። ፉርሽካ ይጨምሩላት” አለኝ። ከጡረታዬ እየቆረስኩ ፉርሽካ ጨመርኩላት። በሁለተኛው ዙር መጣና “እማማ፣ በጣም ወፍራለች። ስብ ማህፀኑን ያስቸግረዋል። ፉርሽካውን ይቀንሱላት” አለኝ። እንስሳዋን ዞር ብዬ አየኋት። እሷም አየችኝ።

እንዳልበድለው ግን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ቶሌራ ያን ቀን “ስትወለድ ብቻዋን ነበረች?” ብሎ ጠይቆኛል። “ብቻዋን ናት” አልኩት፤ ሳልጠራጠር።

ሦስተኛው ዙር ሲታወጅ ሮቤ ካለው ዩኒቨርሲቲ አንዲት የእንስሳት ሐኪም ተማሪዎች ይዛ እንደምትመጣ ተነገረን። በመርፌው ቀን ዳለቻን ይዘን የወጣነው እኔና ጎረቤቴ ዘይነባ ነን። ዘይነባና እኔ አጥር ብቻ ነው የሚለየን። አብረን አርጅተናል። እሷ በወሬ አትታማም፤ የእኔን ድርሻ ጭምር ታወራልኛለች። እኔ ገመዱን ይዤ ከፊት፣ እሷ በዘንግ ከኋላ ሆነን በጉም ውስጥ ወረድን።

“ኢንሻአላህ ዛሬ ይሆናል” አለችኝ።

“ባለፈውም ኢንሻአላህ ብለሽ ነበር።”

“ታዲያ ፈቃዱ አልነበረማ! እኔን ምን ታደርጊኛለሽ?”

ሜዳው ላይ ከእንጨት በተሠራው የከብት ማቆሚያ ፊት ሰዉ ተሰልፏል። ከሁሉ ፊት ከድር ነበር፤ አፉ የማያርፍ ገበሬ። ገና ሲያየን፣ በኦሮምኛ የአክብሮት ወግ አዴ እያለኝ ጀመረ።

“አዴ ወርቄ፣ ይቺ ጊደር እኮ ከእኔ የበለጠ መርፌ ተወግታለች! ለምን ጤና ጣቢያ ካርድ አያወጡላትም?”

“አንተ ካርድ አለህ፣ መቼ ዳንክ?” አለችው ዘይነባ።

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ልጄ ቃሌን ይዞ ሮቤ እንደተቀመጠ አውቃለሁ፤ ያቺ መርፌ ለእኔ የመጨረሻዋ ናት። ዳለቻ ተራዋ ደርሶ ተወጋች፤ ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም።

ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሰን ስንሄድ ሜዳው ሌላ ሜዳ ሆኗል። ጊደሮቹ ይጮኻሉ፣ አንዷ በአንዷ ላይ ትወጣለች፣ ባለቤቶቻቸው ገመድ ይዘው ይጎተታሉ። ዳለቻ እንደ ልማዷ ቆማ ታመሰኳለች ብዬ ስፈራ፣ ገመዱን ከእጄ መንጭቃ ሄደችና የከድር ጊደር ላይ ወጣች።

“አዴ ወርቄ! ልጅዎን ይያዙልኝ!” ብሎ ጮኸ ከድር። “የእኔዋ ጨዋ ናት!”

ወረደችና ወደ ሌላዋ ሄደች። እንደ ኮርማ አንገቷን አሳብጣ አፈር ትጭራለች። ቶሌራ ከወዲያ ማዶ እጁን አጨበጨበ።

“እማማ! እንኳን ደስ ያለዎት! ድራት ላይ ናት!”

ዘይነባ “አልሐምዱሊላህ” ብላ እጄን ጨበጠች። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቤቴን በዓይነ ልቦናዬ አየሁት። የበረቱን ጣራ ከክረምት በፊት ማስጠገን አለብኝ ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ግን ያቺ ሐኪም፣ ዶክተር ሰሚራ ይሏታል፣ ቦት ጫማዋን እየጎተተች መጣች። ልጅ እግር ናት፤ ንግግሯ ግን ቀስ ያለ ነው።

“ቶሌራ፣ ቆይ። ማን ናት የወጣችባት?”

“ብዙዎቹ ላይ ወጣች!”

“በእሷ ላይስ? ቆማ ያስወጣቻት አለች?”

ቶሌራ “አላየሁም” አለ። ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። “እማማ፣ ድራት ላይ ናት የምንለው ሌሎቹ ሲወጡባት ቆማ የምትጠብቀዋን ነው። የምትወጣዋ ልትሆንም ላትሆንም ትችላለች። ዘር ከማባከናችን በፊት ልያት?”

“እያት” አልኳት።

ዳለቻን በማቆሚያው ውስጥ አስገቡልኝ። ሐኪሟ እስከ ትከሻዋ የሚደርስ የላስቲክ ጓንት አጠለቀች። አስቀድማ በብልቷ በኩል ለስላሳ ቀጭን ዘንግ አስገብታ ለካች፤ ትንሽ ገብቶ ቆመ። ከዚያ እጇን በፊንጢጣ በኩል አስገብታ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ተማሪዎቹ ከበዋታል። እጇን አወጣችና የከድርን ጊደር እንዲያመጡላት ጠየቀች፤ እሷንም እንደዚያው መረመረቻት። ተመልሳ ዳለቻን እንደገና ዳሰሰች። እኔ ፊቷን አያለሁ፤ ፊቷ ምንም አይናገርም።

“እማማ፣ ስትወለድ መንታ ነበራት?”

“የላትም። ለቶሌራም ነግሬዋለሁ።”

“እርግጠኛ ነዎት?”

“እርግጠኛ ነኝ።”

“ሲወለዱ፣ ማለቴ ስትወለድ፣ እርስዎ እዚያው ነበሩ?”

አልነበርኩም። ዳለቻ ስትወለድ አዲስ አበባ ሆስፒታል ባለቤቴን አስታምም ነበር። እናቷን ላም ያዋለደችው ዘይነባ ናት።

“አልነበርኩም” አልኩ። “የነበረችው እሷ ናት።”

ሁሉም ዞሮ ዘይነባን አያት። ያቺ ወሬ የማያልቅባት ሴት ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። መጀመሪያ ለሐኪሟ በኦሮምኛ “ለኩ” አለቻት፤ መንታ ማለቷ ነው። ከዚያ ለእኔ ቀስ ብላ ደገመችው።

“መንታ ነበሩ፣ ወርቄ። ወንዱ ፀሐይ ሳይሞቅ ሞተ። ከጓሮ ቀበርኩት።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“አንቺ አዲስ አበባ ታማሚ ይዘሽ፣ ደውዬ ጥጃሽ ሞተ ልበልሽ? በታማሚ ላይ ሞት ይነገራል?”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ እሱ አረፈ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ጥጃ ይነሳል?”

“ከዓመቱ በኋላስ?”

“ከዚያ በኋላማ ተረሳ።”

ሐኪሟ የማቆሚያው እንጨት ላይ ተደግፋ ነገሩን አስረዳችን። እኔም በገባኝ መጠን ልጻፈው። ላም ወንድና ሴት መንታ ስታረግዝ ብዙ ጊዜ የእንግዴ ልጃቸው ይገናኝና የአንዱ ደም ወደ ሌላው ያልፋል። የወንዱ አካል ቀድሞ መሠራት ይጀምራል፤ ከእሱ የሚወጣው ሆርሞንም በደም ወደ እህቱ ይሻገራል። ኦቫሪ የሚባለው፣ እንቁላሏ የሚበስልበት ዕጢ፣ ገና ሊሠራ ሲል ያ የወንድ መልእክት ይደርስበትና ሳያድግ ይቀራል። ከውጭ ሲያዩዋት ጊደር ናት፤ ከውስጥ ግን የተጀመረ እንጂ የተጨረሰ ነገር የላትም።

“የዚያችኛዋ ኦቫሪ እንደ ትልቅ ባቄላ ነው፣ በእጄ ይያዛል፤ መርፌው የሚሠራው እሱ ላይ ነው” አለች የከድርን ጊደር እያሳየች። “የእርስዎዋ ላይ ያገኘሁት ክር የመሰለ ነገር ብቻ ነው። ሆርሞኑ ቢገባም የሚቀበለው የለም። አንድም ቢወጓት መቶም ቢወጓት ያው ናት። እንደ ኮርማ የምትሆነውም ለዚሁ ነው።”

“ታዲያ ፉርሽካው?” አልኳት።

ሐኪሟ ቶሌራን አየችው። ቶሌራ መሬቱን አየ። “ማህፀኗ ትንሽ ነበር” አለ፤ “ልጅነት መስሎኝ ነው። ብቻዋን ተወለደች ስላሉኝ…”

የምቆጣበት ሰው አጣሁ። በእሱ ልቆጣ እንዳልል፣ ብቻዋን ናት ያልኩት እኔ ነኝ። በራሴ ልቆጣ እንዳልል፣ የማውቀውን ነው የተናገርኩት። ጊደሯማ ምን አደረገች? በዘይነባ ልቆጣ ነበር የቀረኝ፤ እሷም ያደረገችው ሁላችንም የምናደርገውን ነው።

“መሲና ናት በሉኛ” አልኩ። መሲና የሚባለው የማትወልድ ላም ነው።

“አዎ፣ እማማ። ግን ጠንካራ ናት። እንደ በሬ መጠመድ ትችላለች” አለች ሐኪሟ።

ወደ ቤት ስንመለስ ገመዱን ለዘይነባ ሰጥቼ ከኋላ ሄድኩ። ዳገቱን ስንጨርስ ግን ሳልጠይቃት ማለፍ አልቻልኩም።

“ሁለት ጊዜ ስትወጋ አጠገቤ ቆመሽ ነበር። ለምን አንድ ቃል አላወጣሽም?”

“የሞተ ጥጃን ከመርፌ ጋር ምን አገናኘው ብዬ ልጠርጥር? እኔ ሐኪም ነኝ? መንታ በረከት ነው ሲባል ነው የሰማሁት!” አለችኝ። “እንዳታዝኚ ብዬ ነው፣ ወርቄ። ሌላ ምን ጥቅም አለኝ?”

ጥቂት ሄደን ቆመችና ፊቴን አየች።

“ስሚኝ። ለታደሰ አትንገሪው።”

“ምን?”

“ዋሺው አላልኩሽም። ዝም በይ ብቻ። መርፌ ተወግታለች ይበቃል። የላም ሆድ እስኪታይ ስንት ወር አለው? እስከዚያ ሌላ ጊደር ይገኛል፤ ወይም እሱ ይረሳዋል። አሁን ነግረሽው ዛሬውኑ ዕቃሽን ልትሸክፊ ነው?”

ሐሳቡን አልጠላሁትም። ለራሴም ምክንያት አዘጋጀሁለት፤ ልጁ ሰሞኑን ሥራ በዝቶበታል፣ ሳይጨነቅ ይቆይ አልኩ። ቤት ገብቼ ዳለቻን አሠርኩ፣ ውኃ ሰጠኋት፣ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። እንደዚያ ተቀምጬ ሳለሁ ነው ሌላው ነገር የመጣብኝ።

አዲስ አበባ ሳለን ዶክተሩ የባለቤቴን ነገር ለታደሰ ነግሮታል። ተስፋ የለውም ብሎታል። ባለቤቴም ራሱ ያውቅ ነበር። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከቀብሩ በኋላ ነው። እኔ እስከ መጨረሻዋ ቀን “ሾርባህን ካልጠጣህ እንዴት ልትድን ነው?” እያልኩ እጣላው ነበር። የመጨረሻ ንግግራችን ስለ ሾርባ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ስልኬን አነሳሁ።

“እማዬ፣ እንዴት ዋልሽ?”

“ደህና ነኝ። ዳለቻ መሲና ናት። አትወልድም።”

“ማን ነው ያለው?”

“ሐኪም ናት። በእጇ ዳስሳ። መንታዋ ወንድ ነበር፤ ሞቶ ዘይነባ ደብቃኝ ነው።”

“ታዲያ ለምን አሁን በስልክ ነገርሽኝ? ቅዳሜ ስመጣ ትነግሪኝ አልነበር?”

“ቅዳሜም ያው መሲና ናት።”

ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቋረጠው። “እማዬ፣ ተናደሻል።”

“ተናድጃለሁ። ዶክተሩ የአባትህን ነገር መቼ ነበር የነገረህ?”

ከጀርባው የልጅቷ ድምፅና የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማኛል።

“ይሄ በስልክ ይወራል?” አለ በመጨረሻ።

“እሺ፤ ቅዳሜ ስትመጣ ንገረኝ።”

ቅዳሜ መጣ። የአባቱ አልጋ ላይ ተቀምጦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረኝ። ዶክተሩ የት አስቁሞት እንደነገረው፣ አባቱ “ለእናትህ እንዳትነግራት፣ ትደነግጣለች” እንዳለው፣ እሱም በየማለዳው ፊቱን ታጥቦ ወደ እኔ ይመጣ እንደነበር። አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም፤ ግን ጠየቅሁት፣ እያንዳንዱን ነገር ጠየቅሁት። ሲጨርስ ዓይኑን ጠርጎ፣ “ከፈለግሽ እዚሁ ኑሪ። የጊደሯ ነገር ይቅር” አለኝ።

ልቤ ሊቀር ፈልጎ ነበር። አሁንም ይፈልጋል። ግን ተገድጄ የገባሁት ቃል አይደለም፤ ራሴ ነኝ ያመጣሁት። እውነቱን ንገሩኝ ብዬ ሰው ሁሉ ላይ ተቆጥቼ፣ ሲነገረኝ ደግሞ ከቃሌ ልሽሽ? ልብሴን ሰበሰብኩ።

አሁን የምጽፈው ሮቤ ሆኜ ነው። ክፍሌ መንገድ ዳር ነው፤ ባጃጁ ሲጮህ ይውላል። ቴሌቪዥኑ አይጠፋም። የልጄ ሚስት ታከብረኛለች፣ ሥራ ግን አታስነካኝም፤ ማለዳ የምነሳበት ምክንያት አጥቼ ጣራ አያለሁ። ለምጄዋለሁ ብል ውሸት ነው። ቤቱን አንድ አስተማሪ ተከራይቶታል። የዘይነባ አንዱ በሬ ሞቶባት ስለነበር ዳለቻን ለእሷ ተውኳት፤ ከቀረው በሬዋ ጋር ተጠምዳ ታርሳለች። ጊደር ስታርስ ያየ ሰው ይስቃል፤ እሷ ግን እርሻው ላይ አትሰንፍም አሉ።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ምክር የመስጠት ልማድ የለኝም። ይህን ብቻ ልበላችሁ። ሐኪም ወይም አዳቃይ ሲጠይቃችሁ “እርግጠኛ ነኝ” ከማለታችሁ በፊት፣ አይታችሁ ነው ወይስ ማንም ሌላ ነገር ስላልነገራችሁ ነው? እኔ ያላየሁትን አየሁ ብዬ ለመሲና ጊደር ፉርሽካ ስሸከም ከርሜአለሁ። ሞትን በወጉ፣ በማለዳ፣ ሰው ሰብስቦ ማርዳት ጥሩ ባህላችን ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ለመናገር ጥሩ ቀን እንጠብቅ ስንል ቀኑ ሳይመጣ ይቀራል፤ ያልተነገረው ሰው ደግሞ እስከዚያ በማያውቀው ነገር ይሠራል፣ ይጣላል፣ ይምላል። ለእኔ ያዘነችልኝ ዘይነባ በማዘኗ ቤቴን አሳጣችኝ ብል ግፍ ይሆንባት ይሆናል። አላሳጣችኝም ብልም አላምነውም።

በጥጃው ነገር ከእሷ ጋር ጥቂት ተኳርፈን ነበር፤ የታረቅነው በስልክ ነው። በየሳምንቱ ትደውልልኛለች፤ አሁን የምታወራበት አካሄድ ተለውጧል። ትናንት ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ፣

“ወርቄ፣ የጓሮሽ አጥር ወድቋል፣ ጎመንሽን የከድር ፍየል ጨርሳዋለች፣ ተከራይሽ መስኮት ሰብሯል፣ እኔ ደግሞ ጉልበቴን አሞኝ ሐኪም ዘንድ ልሄድ ነው” አለችኝ። ትንፋሿን ሰብስባ ጨመረችበት። “የደበቅሁሽ የለም። አሁን እንዴት ነሽ?”